ጌጡ ያልነካው ዘይት

የሚዛኗ መንጠቆ የመኪናውን መሪ እንዳይፍቀው ጌጡ በሰማያዊ የጨርቅ ቁራጭ ይጠቀልለው ነበር። ቅቤ ነጋዴዎች በገበያ ቀን በእጃቸው አንጠልጥለው የሚመዝኑባት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ናት፤ ከላይ ቀለበት፣ ከታች መንጠቆ፣ መካከል ላይ ቁጥሮችና አንዲት ቀጭን መርፌ። ጨርቁን ሁለት ዙር አዙሮ ቋጠረ፤ መንጠቆዋን ከመሪው ክብ ጋር አያያዘ፤ ቀለበቷን በሌባ ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ። የሚኒባሱ ሞተር እየሠራ ነው። መርፌዋ ሦስትን አለፈችና አራት ላይ ስትደርስ መሪው እሺ ብሎ ዞረ።

"አራት" አለ ጌጡ፣ ለራሱ ያህል።

በሾፌሩ በር በኩል የቆመው ሐምዛ አንገቱን አስገባ። የግራ እጁ አንጓ በእናቱ ሻሽ ታስሯል። "አራት ምንድን ነው፣ ጋሼ ጌጡ?"

"መሪውን ለማዞር የሚፈጀው ጉልበት ነዋ። ደህና መሪ ሦስት ኪሎ ቢስቡት ይዞራል። ይሄ አራት ፈለገ።"

"ታዲያ በአንድ ኪሎ ነው ገደል ልገባ የነበረው?"

"ገና ቀዝቃዛ ነው። ሲሞቅ እናየዋለን፤ ታገሥ።"

ነገሩ የሆነው ትናንት ነው። ሐምዛ ከአንበሳሜ አሥራ አራት ሰው ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ መሪው በእጁ ላይ ድንጋይ ሆነበት። በሁለት እጁ ሲታገለው አንጓው ወለም አለ፤ መኪናው አልታዘዝ ብሎ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገባ። በሌላው በኩል ቢሆን ኖሮ የሚያቆመው ነገር አልነበረም። ሰው አልሞተም። የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ተላልጧል፤ አንዲት እናት ለአራስ ልጇ በጭድ ጠቅልላ የያዘችው እንቁላል ሁሉ ተሰብሮ ነጠላዋን አበላሽቶታል። ሐምዛ መኪናውን በሰው አስገፍቶ አወጣና በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ከተማ ገባ።

የሐምዛ እናት ሰዓዲያ ከጋራዡ ደጅ በተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ነው። የሱቁን ግማሽ ሸጣ ይህን ሚኒባስ ለልጇ ስትገዛ ያመነችው ጌጡን ነው። ሌላ ጊዜ "ጌጡዬ" ነበር የምትለው። ዛሬ ጠዋት ግን "እንደምን አደሩ፣ አቶ ጌጡ" ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ጌጡ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረዘም ያለ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የፋርጣ ገበሬ ልጅ ነው። ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ እርፍ አስይዘውት፣ "አጥብቀህ አትያዝ። ላላ አድርግና ድንጋዩን በመዳፍህ ስማው" ይሉት ነበር። ኋላ ባሕር ዳር ወርዶ ከአንድ አሮጌ መካኒክ ዘንድ ሥራ ሲለምድ፣ ጓደኞቹ ሞተር ሞተር ሲሉ እሱ መሪ ላይ ቀረ። መሪ ሲይዝ የአባቱ እርፍ ትዝ እንደሚለው ለሚስቱ ለትዕግሥት ነግሯት ያውቃል፤ ለሌላ ሰው ግን አፍሮ አልተናገረውም።

ደብረ ታቦር ተመልሶ ጋራዡን ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በከተማው መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ለሌላ መካኒክ ሊያሳይ ይችላል፤ የመሪው ነገር ሲነሣ ግን "ጌጡ ነክቶታል ወይ?" ነው ጥያቄው። አነካኩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መኪናው እንደቀዘቀዘ ይመዝናል። የመሪውን ዘይት የሚገፋውን ፖምፓ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይለካል። ቀጥሎ ዳገት ቁልቁለት ነድቶ ዘይቱ እስኪግል ያዞረውና ዳግመኛ ይመዝናል። በመጨረሻ የመሪውን የዘይት ዕቃ ከፍቶ ሌባ ጣቱን ይነክራል፤ ዘይቱን በአውራ ጣቱ ያሸዋል፤ ያሸተዋል። ደህና ከሆነ ክዳኑን ይገጥምና ከክዳኑ እስከ ዕቃው በነጭ ቀለም አንዲት መስመር ያሰምራል። መስመሯ ከተሰበረች ከእሱ በኋላ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። መስመሯ እስካለች ድረስ ግን ኃላፊነቱ የእሱ ነው።

ቺንጋውን ተጫነው፤ አልላላም። "በል ግባ፣ እንንዳው" አለው ሐምዛን።

ሰዓዲያ ከጎማው ላይ ተነሣች። "እኔም እሄዳለሁ።"

"እማ፣ ብንገለበጥስ?"

"አንድ ላይ ነዋ! እዚህ ጎማ ላይ ተጎልቼ መርዶ ልጠብቅልህ?"

ከከተማው ወጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገቱን ወጡ ወረዱ። ጌጡ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ እያዞረ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ጣል አደረገ። መጀመሪያ ዝም ነበር። ከዚያ እንደ ታመመ ሕፃን የሚያላዝን ድምፅ ጀመረ፤ ወደ ጋራዡ ሲታጠፉ ድምፁ ጩኸት ሆነ፤ መሪውም በመዳፉ ውስጥ ከበደ። ቆመው ሚዛኗን ዳግመኛ ሲስባት መርፌዋ ስድስትን፣ ሰባትን፣ ስምንትን አልፋ ዘጠኝ ላይ ደረሰች። መሪው ያኔ ነው የዞረው።

ሐምዛ አየና ፉጨት አሰማ። "ከቀዘቀዘው እጥፍ በላይ!"

"ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል" አለ ጌጡ። "ፖምፓው ያላረጀ ከሆነ ቀጭኑንም ቢሆን ይገፋዋል። ያረጀ ከሆነ ግን በውስጡ እየሾለከ ይመለስበታል። ወይ ፖምፓው ነው፣ ወይ ከታች የመሪው ማርሽ ያለበት ሳጥን ነው። አሁን እንለየዋለን።"

ከሣጥኑ የግፊት መለኪያውን አወጣ፤ ክብ መስታወት ያለው፣ ከጎኑ መዝጊያ የተገጠመለት ነው። ከፖምፓው የሚወጣውን ቱቦ ፈታና መለኪያውን መካከል ላይ አስገባ። ሞተሩን አስነሥቶ መዝጊያውን ዘጋ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ ቆጠረና ወዲያው ከፈተ፤ ከዚያ በላይ ቢዘጋ ደህናውንም ፖምፓ ይፈጀዋል። የመለኪያው መርፌ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሳ ቆማ ነበር። ደገመው። ያው ግማሽ።

"ፖምፓው ነው" አለ። "ትናንት የሞተ አይደለም፤ ቆይቷል።"

ሰዓዲያ ወደ ሞተሩ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች። በዓይኗ የምትፈልገውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። "ይህች ነጭ መስመር የማን ናት?"

"የእኔ ናት።"

"ተሰብራለች?"

ጌጡ በጨርቅ አቧራውን ጠረገላት። መስመሯ ከክዳኑ ላይ ተነሥታ፣ መጋጠሚያውን አልፋ፣ እስከ ዕቃው ወገብ ድረስ ሙሉ ናት። "አልተሰበረችም።"

"ሐምዛ፣ ከፍተኸዋል?"

"ወላሂ አልነካሁትም! መስመሯ ሳትነካ ወደ እኔ አምጣው ያሉት ጋሼ ጌጡ አይደሉም እንዴ?"

ጌጡ ክዳኑን ከፈተ። የሌባ ጣቱን ጫፍ ነከረ፤ በአውራ ጣቱ አሸው። ዘይቱ ቀይ ነው፤ ሲታሽ ግን እንደ ማር ያዝ አደረገው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የገማ እንቁላል ዓይነት ሽታ ነው፤ ለመሪ የማይገባው ወፍራሙ የካምቢዮ ዘይት። ጣቱን እዚያው አፍንጫው ሥር እንዳደረገ ቆመ።

"ምንድን ነው?" አለች ሰዓዲያ።

"ነገ ጠዋት ሱቅዎ መጥቼ ልንገርዎት፣ እትዬ ሰዓዲያ።"

"ለምን ነገ? አፍዎ ዛሬ የለም?"

"አስቀድሜ የምጠይቀው ሰው አለ።"

"አበልጅዎን ነዋ!" አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ተማከሩ እንግዲህ። ሁለታችሁ የምትስማሙበትን ነገ ይነግሩኛል። እኔ እኮ መኪና አላውቅም። የማውቀው ጌጡ ደህና ነው ብሏል የሚለውን ብቻ ነው። ልጄንም ያሳፈርኩት በሱ ላይ ነው።"

ልጇን አስከትላ ሄደች። ጌጡ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ፤ ሽታው ግን አልለቅ አለው።

ሚኒባሱን ለሰዓዲያ የሸጠላት ሙላቴ የጌጡ አበልጅ ነው። የጌጡን የበኩር ልጅ ዓለምነውን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቡሄ ሙልሙል ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም። ዓለምነው አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ባሕር ዳር ሥራ ይዞ ሳለ እንኳ ዳቦው ይመጣል፤ ልጁ ባይኖርም በስሙ ይቆረሳል። ትዕግሥት "ይህን የመሰለ የክርስትና አባት የትም የለም" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

መኪናው የሚፈተሽበትን ቀን የመረጠው ሙላቴ ነበር፤ ያለፈው ቡሄ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋትም አላባራም። ሙላቴ ሚኒባሱን እየነዳ መጣ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሚስቱ ዓለሚቱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ዳቦ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰዓዲያ ጃንጥላ ይዛ ከጋራዡ ደጅ ትጠብቅ ነበር።

"ከአንበሳሜ ነው በቀጥታ የምመጣው፤ ግሏል። እንደገና መንዳት አያሻህም" አለ ሙላቴ።

ጌጡ ኮፈኑን በመዳፉ ነካው። ለብ ብሎ ነበር እንጂ አልጋለም። ዝናቡ አቀዝቅዞት ይሆናል ብሎ አሰበ። ከአንበሳሜ መጣሁ ባለ አበልጅ ፊት መኪናውን ሌላ ዳገት ማዞር፣ ዋሽተሃል ማለት ሆኖ ታየው። ሚዛኗን አያያዘ፤ አራት ሆነ። ግሎ አራት ከሆነ ለዕድሜው ደህና ነው። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ዓለሚቱ የውሃ ጆግና ሳሙና ይዛ አጠገቡ ቆመች።

"በሉ አበልጅ፣ እጅዎን ይታጠቡ። የልጃችን ዳቦ ይቆረስ፤ ትኩስ ነው።"

ታጠበ። ሳሙናው መልካም ሽታ ነበረው። ዳቦው ተቆረሰ፤ ለሰዓዲያም ደረሳት፤ ምርቃቱ ረዘመ። ከዚያ በኋላ፣ የበረከት ዳቦ በያዘ ንጹሕ እጅ፣ ዳቦውን ያመጣለትን ሰው ዘይት ነክሮ ማሽተት ነውር መሰለው። ብሩሹን አነሣና መስመሯን አሰመረ።

"ደህና ነው፣ እትዬ ሰዓዲያ" አለ።

የዛሬ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሙላቴ ቤት በእግሩ ሲሄድ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰ። ከተማው ጫፍ ሲደርስ፣ የትናንት የሚመስል ሌላ ነገር ትዝ አለውና መንገዱ ዳር ቆመ። ባለፈው ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ሙላቴ ቤት ተጋብዞ፣ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ፣ እንደ ልማዱ ያልሆነ ጨዋታ አምጥቶ ነበር።

"አንዳንዱ ሻጭ ተንኮሉ አያድርስ ነው" ብሏቸው ነበር። "ፖምፓው ያለቀ መኪና ካለው የመሪውን ዘይት ቀድቶ ይደፋና ወፍራሙን የካምቢዮ ዘይት ይሞላዋል። እንዳይታወቅ ከላይ ትንሽ ቀይ ያፈስበታል። ሁለት ሦስት ወር ድምፁ አይሰማም።"

"አንተስ? አንተንም ያታልልሃል?" አለው ሙላቴ፣ ብርጭቆውን እየሞላለት።

"እኔን? ይህች ጣቴ እያለች!" ብሎ ሌባ ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። "ያለ እሷ ግን እኔም እንደ ማንም ነኝ።"

ስቀው ነበር። ዓለሚቱ ደግሞ ጣቱን ይዛ እንደ መስቀል ተሳለመቻትና የባሰ ሳቁ።

ጌጡ ከቆመበት መንገዱን ቀጠለ። ይህን ካስታወሰ ወዲያ የሚጠራጠረው ነገር አልነበረም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከራሱ ከሙላቴ አፍ መስማት።

ሙላቴ ግቢው ውስጥ የተወቃ ገብስ በጆንያ እየሞላ ነበር። ሲያየው ፊቱ በራ፤ ወይም እንዲበራ አደረገው። "አበልጅ! ምን እግር ጣለህ? ዓለሚቱ፣ አበልጃችን መጥቷል!"

ዓለሚቱ ከቤት ወጣች። በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ማስታጠቢያ ይዛለች። "እሰይ፣ በደህና ሰዓት መጡ! የጾም ነው እንጂ ሽሮው ደርሷል። ይታጠቡ።"

"አልታጠብም" አለ ጌጡ።

ዓለሚቱ ጆጉን እንደያዘች ቀረች።

"ያ ሚኒባስ ትናንት ሰው ሊፈጅ ነበር፣ ሙላቴ። የሰዓዲያን ልጅና አሥራ አራት ሰው።"

"ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር አትርፏቸዋል። መኪና እኮ ነው፤ ይበላሻል" አለ ሙላቴ፣ የጆንያውን አፍ እያሰረ።

"የካምቢዮ ዘይት ማን ጨመረበት?"

"እኔ ምን አውቄ! ልጁ ይሆናላ። ልጅ አይደል፤ ያገኘውን ይጨምራል።"

"መስመሬ አልተሰበረችም። ዘይቱ ከቡሄ በፊት የገባ ነው። ከቡሄ በፊት ደግሞ መኪናውን የነዳኸው አንተ ብቻ ነህ።"

ሙላቴ ቀና አለ። የገብስ ገለባውን ከእጁ አራገፈ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሄዷል። "ታዲያ ምን ትለኛለህ? ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ? ያልከው አንተ ነህ። ሴትዮዋ የሰማችው የአንተን ቃል ነው፤ መስመሯም የአንተ ናት። እኔ መኪናዬን አቀረብኩ፣ አንተ አየኸው፣ በቃ።"

"ተው እንጂ፣ ሙላቴ" አለች ዓለሚቱ በዝግታ።

"ምን ተው ትይኛለሽ? ውሸት ነው?"

"እንዴት እንዲህ ትለዋለህ? እዚሁ ቁጭ ብሎ የነገረን ራሱ አይደለም እንዴ? በጠዋት ሳሙና ያዢ ያልከኝስ..." ቃሏን ሳትጨርስ ተወችው። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን በአፏ ያዘች።

ዶሮዎቹ የፈሰሰውን ገብስ ይለቅሙ ነበር።

"ብትነግረኝ እኮ እሠራልህ ነበር" አለ ጌጡ። "ፖምፓው አልቋል ብትለኝ። ለአንተ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?"

"እስኪሠራ ማን ይጠብቃል! ገዢዋ ሌላ መኪና ልታይ ነበር። ሌላ መካኒክ ቢሆን ደግሞ እፈራ ነበር። አንተን ግን አውቅሃለሁ፤ የእኔን ነገር በጣትህ አትነካም።" ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ስድብ አልነበረበትም፤ እንደ ምስጋና ነው ያለው። ጌጡን የገደለውም ያ ነው።

"አበልጅ" አለ ሙላቴ ቀጥሎ፣ ቀረብ ብሎ ክንዱን እየያዘው። "ፖምፓውን ቀይርላት፤ አርጅቶ ነው በላት። ማን ያውቃል? ለአንዲት ነጋዴ ብለን የልጃችንን ክርስትና ልናረክስ ነው?"

ጌጡ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። ሲያስለቅቅም የሙላቴን እጅ እንዳያሳምም የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። "ደህና ዋሉ" አለና ወጣ። ከኋላው ዓለሚቱ አንድ ነገር ስትል ሰማ፤ ዞር አላለም።

ያን ማታ ለትዕግሥት አልነገራትም። ሁለት ጊዜ አፉ ላይ መጥቶለት ነበር። እሷ ግን ከዓለምነው ጋር በስልክ እያወራች "ለክርስትና አባትህ ደውልለት እንጂ፣ ይቀየምሃል" ስትል ሰማና ወጡን ማገላበጥ ያዘ።

በነጋው ወደ ሥራ ሲወጣ ትዕግሥት በር ላይ አንድ ከረጢት አስያዘችው።

"ብቅሉ ነው። ዓለሚቱ ለገብርኤል ዝክር ዛሬ ነው የምትጠነስሰው። መጀመሪያ እሱን አድርስ፤ ጋራዥ ከገባህ ትረሳዋለህ።"

"እሺ" አለ። ለሙላቴ ቤት ዝክር ብቅሉ በየዓመቱ ከእነሱ ነው የሚሄደው። ከረጢቱን በትከሻው አደረገ፤ ጥቂት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ለእሱ ግን ከበደው።

ወደ ሙላቴ ቤት የሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ነው። እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገበያው ታጠፈ።

ሰዓዲያ ሱቋን ከፍታ ጣቃ ጨርቆቹን በመደርደሪያው ላይ ታስተካክል ነበር። ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው። ጌጡ ከደጃፉ አልፎ አልገባም፤ ከረጢቱን እግሩ ሥር አስቀመጠ።

"ተማከራችሁ?" አለች ሳትዞር።

"ያን ቀን ዘይቱን አልነካሁትም፣ እትዬ ሰዓዲያ።"

ዞረች።

"ሁልጊዜ እነካዋለሁ። ያን ቀን ብቻ አልነካሁትም። ሲግልም አልመዘንኩትም፤ ግሏል ሲለኝ አመንኩት። ደህና ነው ያልኩዎት ግማሹን ሳላይ ነው።"

"ለምን?"

"እጄን ታጥቤ ነበር" አለ ጌጡ። ሲናገረው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ለራሱም ገረመው። "ዳቦ አምጥተውልኝ፣ እጄን አስታጥበውኝ፣ አፈርኩ።"

ሰዓዲያ አየችው። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ፣ ከፊቷ አይታወቅም ነበር። "እኔ እኮ" አለች በመጨረሻ፣ "ሙላቴን አላምነውም ነበር። ነጋዴ ነኝ፤ ሻጭ አውቃለሁ። እኔ የገዛሁት ያንተን እጅ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እሱስ? አውቆ ነው ያደረገው?"

ዓለምነው በአርባ ቀኑ በሙላቴ ክንድ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ታየው። "አውቆ ነው" አለ። "ዘይቱን አውቆ ቀየረው። እኔንም አውቆ አስታጠበኝ።"

"ይህንን በሰው ፊት ትለዋለህ? ሐሙስ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። እሱም ይመጣል። ዓይኑን እያየህ ትለዋለህ?"

"እለዋለሁ።"

"አሁን አላምንህም" አለች ሰዓዲያ። በቁጣ አልነበረም፤ የደከማት ሰው አነጋገር ነው። "ስትለው ካየሁ በኋላ ይሆናል።" ተመልሳ ጣቃዎቿን ማስተካከል ጀመረች።

"ፖምፓውን እኔ እቀይራለሁ" አለ ጌጡ ለጀርባዋ።

ከገበያው ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ትዕግሥት ናት። "ብቅሉን አደረስክ? ዓለሚቱ ጋኑን በወይራ አጥና እየጠበቀች ነው አሉ።"

"ኋላ እነግርሻለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምትነግረኝ? ብቅል ማድረስ ምን ወሬ አለው?"

"ኋላ፣ ትዕግሥት።"

ጋራዡን ከፈተ። ከረጢቱን በመሣሪያዎቹ መደርደሪያ ላይ፣ ከሚዛኗ አጠገብ አስቀመጠው። ሚኒባሱ ኮፈኑን እንደከፈተ ቆሟል። ጌጡ ቱታውን ለበሰ፤ ከዕቃው ውስጥ ያን ወፍራም ዘይት በባልዲ ቀዳ፤ ፖምፓውን የያዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ሦስተኛው ዝጎ አልወጣ አለው፤ ዘይት አንጠባጥቦበት ጠበቀ። በመንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ወደ ሙላቴ ሰፈር በኩል ባዶዋን አለፈች። ቀና ብሎ አያት፤ ብቅሉን ልታደርስለት ትችል ነበር። ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ አለና ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አስገባ።